የድንኳኑ ገበር

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋኑዬ፣ የኔ ጌታ፣

ይህቺ ወረቀት ስትደርስህ በየትኛው ባሕር ላይ እንደምትሆን አላውቅም። ብቻ የትም ሁን፣ ጤናህ ሙሉ ይሁን፣ ውሃውም ይታዘዝልህ። እኔ ደህና ነኝ። ክረምት ሲገባ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል እንጂ ደህና ነኝ። እህትህ ልዩም ደህና ናት። እንዲያውም ደህና ማለት አይበቃትም፤ የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

«በዚህ ዘመን ደብዳቤ?» ብለህ ትስቅ ይሆናል። ሳቅ። ምን ላድርግ፣ በስልክ ስናወራ ኔትወርክህ ይቆረጣል። የሚቆረጥበትን ቦታ ደግሞ አውቄዋለሁ። ስለ ጤፍ ሳወራህ አይቆረጥም፣ ስለ ጉልበቴ ሳወራህ አይቆረጥም። አባትህ ላይ ስንደርስ ነው «ሃሎ? ሃሎ? እማዬ፣ ድምፅሽ አይሰማኝም» የምትለኝ። ወረቀት አይቆረጥም፤ ቁጭ ብለህ ትሰማኛለህ።

ይዞልህ የሚመጣው የመርከብ ባልደረባህ ሃድጉ ነው። እረፍቱን ጨርሶ ሊመለስ ሲል «ለፋኑ የምትልኩት ካለ» ብሎ እቤት ድረስ መጣ፤ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ከደብዳቤው ጋር አንዲት ትንሽ ከረጢት ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤውን ሳትጨርስ ከረጢቷን እንዳትፈታ፣ በሞቴ።

ባለፈው በድምፅ የላክህልኝንም ሰምቼዋለሁ። «እማዬ፣ ኮንትራቱ ጥቅምት ላይ ያልቃል። ላድሰው ወይስ ልምጣ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ» ነው ያልከኝ። መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። ዘለህ ወደ ታች እንዳታይ፤ አውቅሃለሁ፣ ልጅ ሆነህም እንጀራውን ትተህ ሥጋውን ነበር የምትለቅመው። መጀመሪያ የእህትህን ጉድ ስማ።

ልዩ ደምበል ያለው ቢሮዋ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጣ ትውላለች፤ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ደግሞ ከእነ ኤርሚ ጋር ተራራ ለተራራ ነው። ኤርሚ ማለት ያ ረጅሙ፣ ኦሎምፒያ ሞባይል የሚጠግነው ልጅ ነው። «ጓደኛዬ ነው እማ» ትላለች፤ እኔም ጓደኛዋ ነው እላለሁ። ታዲያ አምና ከአንድ ጉዞ ስትመለስ ወገቧን ይዛ መጣች። የተከራዩት ድንኳን ከባድ፣ መሬቱ ጭቃ፣ ድንጋዩ ጎን የሚወጋ። «ከእንግዲህ መሬት ላይ አልተኛም» አለች። እሰይ፣ ልትተወው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ዛፍ ላይ ልትተኛ ኖሯል!

ሃሞክ ይሉታል። ሁለት ዛፍ መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ነው። «እኔው እሰፋዋለሁ፤ ደግሞ ብሸከመው የማይከብደኝ አድርጌ» አለች። ፋኑዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ ቁልፍ ሲወልቅባት ሸሚዙን የምትጥል ልጅ ናት! የስንቱን ተማሪ ዩኒፎርም የሰፋሁበት ሲንጀሬ አጠገብ ደርሳ አታውቅም። «ይሁና» አልኳት፣ ነገ የሚሰለቻት መስሎኝ።

የመጀመሪያው ከመጋረጃ ጨርቅ ነበር። ግቢ ውስጥ፣ በጽድ ዛፉና በልብስ ማስጫው ብረት መሃል ሰቀለችው። «እማ፣ እይኝማ» ብላ ተቀመጠች። ትርርር! ጨርቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ፣ እሷም ቂጧ ላይ ዱብ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወው ነበር። እሷ ምን አደረገች? የተቀደደውን አነሳችና መስኮቱ ላይ ዘርግታ ከየት ጋ እንደጀመረ ትመረምር ጀመር። «ስፌቱ ነው እማ። መርፌው በወጋበት በወጋበት ነው የተቀደደው» አለች። ከዚያ በኋላ ጫፉን መስፋት ትታ፣ ጨርቁን አጠፍ አጠፍ አድርጋ ሰብስባ፣ በገመድ አንቃ ማሰር ጀመረች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ የኖርኩት ሴትዮ አልመጣልኝም ነበር።

ያንን አስተሳሰር ያስተማርካት አንተ ነህ፤ ታስታውሳለህ? «ፋኑ መርከበኛ አይደል፣ እሱን ነው የምጠይቀው» ብላ ጻፈችልህ፤ አንተም ቋጠሮውን የሚያሳይ ቪዲዮ ላክህ። ቪዲዮው ላይ ያለው እጅህ ብቻ ነው። እሷ ቋጠሮውን ለመልመድ ደጋግማ ታየዋለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጅህን አያለሁ። አውራ ጣትህ ላይ የማላውቀው ጠባሳ አለ። ምን ሆነህ ነው? ፊትህንስ ብታሳይ ምን ነበረበት?

ይሁን። ወደ ሥራዋ ልመለስ።

ዛፉ ላይ የሚጠመጠመውን ማሰሪያ ከአሮጌ መኪና የወንበር ቀበቶ ሰራችው። «ገመድ ቀጭን ስለሆነ የዛፉን ልጥ ይቆርጠዋል፤ ቀበቶ ግን ሰፊ ነው፣ አይጎዳውም» ትላለች። ለዛፍ የምታዝን ልጅ ወልጃለሁ። የክብደት ነገር ደግሞ አሳበዳት። የሰራችውን ሁሉ ይዛ በራችን ፊት ለፊት ካለችው ከሀምዲያ ሱቅ ትገባለች፤ ሀምዲያ በርበሬና እርድ የምትመዝንበት ሚዛን ላይ ገመዷን፣ ቀለበቷን፣ ጨርቋን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። ሀምዲያ «ልዩዬ፣ ደንበኛው ቆሞ ገመድ ትመዝኚብኛለሽ?» እያለች ትስቅባታለች። አንድ ቀን ደግሞ የጥርስ ብሩሽዋን እጀታ በቢላ ቆርጣ ጣለችው። «ምን አጠፋ?» ብላት «እማ፣ እሱን ተሸክሜ ተራራ አልወጣም» አለችኝ። ከባዶ የለስላሳ ጣሳ ምድጃ ሰራች። ጣሳውን በመቀስ ቆርጣ፣ ዙሪያውን በመርፌ ቀዳድታ፣ አልኮል ጨምራ ለኮሰችው፤ ሻይ አፈላችበት። ጠጣሁት። ምንም አይወጣለትም!

የሚንጠለጠል አልጋ ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው። ብርድ ልብስ ብታነጥፍበት ስትተኛ ይጨፈለቅና አያሞቅህም። ይቺ ልጅ ታዲያ ከሰልባጅ ሁለት የላባ ጃኬት ገዝታ መጣች። ተርትራ፣ ላባውን አውጥታ፣ ከአልጋው በታች በውጭ በኩል የሚታሰር ብርድ ልብስ ሰፋችበት፤ ስለማይጨፈለቅ ሙቀቱን ይይዛል። ላባው ሲበተን ሳሎኑ ዶሮ የተነጨበት ቤት መሰለ። ወጥ ውስጥ ሁሉ አገኘሁ! ተቆጣሁ፣ ጮህኩ። ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን እጄን ከሁለቱ ጨርቆች መሃል ሰደድ ባደርግ ወዲያው ሞቀኝ። ላባው በየክፍሉ እኩል ተከፋፍሏል፣ ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ማን አስተማራት? እኔ አላስተማርኳትም። እውነቱን ልንገርህ፣ ኮራሁባት። ለሀምዲያም፣ ለአትክልት ሻጯም፣ ለሰማኝ ሁሉ አወራሁ።

የቀረው የዝናብ ጣራው ነበር። ላስቲክ ሞከረች፤ ይከብዳል፣ ነፋስ ሲነካው ደግሞ ይንጫጫል። ጣራው የተገኘው ካላሰበችው ቦታ ነው። እዚህ ጋ ልብ ብለህ አንብብልኝ።

ካዛንቺስ መፍረሱን ታውቃለህ። እኛ በዚህ በኩል ያለነው ቀረን እንጂ የእድራችን ሰው አብዛኛው በዚያ በኩል ነበር፤ አሁን አንዱ በዚህ ጫፍ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ተበታትኗል። ለቅሶ ሲኖር ታክሲ እየቀያየረ ማን ይደርሳል? ስለዚህ እድሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰብስቦ፣ ተመራርቆ ተለያየ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ገብረሃና ንብረቱን ሲያከፋፍሉ ድስቱም ወንበሩም ወሳጅ አገኘ፤ አሮጌውን ድንኳን ግን የሚፈልገው ጠፋ። ሸራው በስብሷል። ልዩ ሄዳ ገበሩን ጠየቀች። ታስታውሰዋለህ፣ ከሸራው ስር የተወጠረውን፣ ሐምራዊና ነጭ መስመር ያለውን ስስ የፓራሹት ጨርቅ። ጋሽ ገብረሃና «ይህን ሁሉ ለቅሶ የሰማ ጨርቅ ምን ያደርግልሻል ልጄ?» አሏት። «ስሩ እተኛበታለሁ ጋሼ» አለቻቸው። አማትበው ሰጧት።

እኔም ወደ ቤት ስታመጣው አልወደድኩትም። ሟርት መሰለኝ። «በዚህ ጨርቅ ስር ስንቱን አልቅሰናል፣ ደግሞ ልትተኚበት?» ብዬ ጮህኩባት። «እማ፣ የኔ ክርስትናስ የት ተበላ? በዚሁ ስር አይደል?» ብላ አፌን አዘጋችኝ።

አጥባ ስትዘረጋው ልጥፉን አየሁት። ድሮ አምፖል ያቃጠለውን ቀዳዳ የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ ነጭ ክር አልቆብኝ በቀይ ነበር የሰፋሁት። አባትህ ያረፈ ጊዜ፣ ዝናቡ ከላይ እየወረደ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ቀና ስል የማየው እሱን ነበር። ሰው ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይወጣል፤ እኔ የራሴን ቀይ ክር እያየሁ «ፋኑኤል አሁን የት ደርሶ ይሆን?» እላለሁ። አንተ ውሃ መሃል ነበርክ፤ ከዚያም ወዲህ ቤት አልመጣህም። ይህንን ለልዩ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።

እሷ ሥራዋን ቀጠለች። መስታወት የሚያጣብቁበትን ሲሊኮን በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ አቅጥና ጨርቁን በስፖንጅ ቀባችው። ግቢው ስንት ቀን ሙሉ የቀለም ሱቅ ሸተተ። ሲደርቅ ውሃ ብትደፋበት ውሃው እየተንከባለለ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ልዩ እንደ ሕፃን ዘለለች። ጉልበቴ ቢፈቅድልኝ እኔም አብሬያት እዘል ነበር።

አሁን የሐምሌውን ጉድ ስማ።

እሁድ ጠዋት ነው። እኔ ገና ሳይነጋ ቅዳሴ ሄጃለሁ። ዝናብ ማካፋት ሲጀምር ልዩ «ይኸው ልፈትነው» ብላ ከአልጋዋ ተነሳች፤ ግቢ ውስጥ ሃሞኳን ሰቅላ፣ ጣራውን ከላይ ወጥራ፣ ገብታ ተኛች። ሀምዲያ ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ ከአጥራችን በላይ ምን ታይ? የእድሩን ድንኳን! ሰርግ ቢሆን ተነግሮ፣ ተጠርቶ ነው። ሳይነገር በጠዋት የተተከለ ድንኳን ትርጉሙ አንድ ነው። «ወይኔ እትዬ ወለቴን!» እያለች፣ እኔ የሞትኩ መስሏት ሮጣ ገባች። ስትገባ ደግሞ ከድንኳኑ ስር ከራሱ እስከ እግሩ የተጠቀለለ ሰው ተንጠልጥሏል። እግዜር ያሳይህ! ጩኸቷን አቀለጠችው። የቀረው ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከተፍ አለ። ልዩ በጩኸቱ ደንግጣ እላይዋ ላይ ከተጠቀለለው ጨርቅ ጋር ስትታገል ብድግ ብትል፣ ሀምዲያ «አስክሬኑ ተነሳ!» ብላ ሌላ ጩኸት። ይህንን ሁሉ እኔ በኋላ ነው የሰማሁት።

እኔ ግን ድንጋጤያቸው ሳይበርድ ከቅዳሴ ስመለስ ያየሁት ሌላ ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገና ከመንገዱ ሐምራዊው መስመር ታየኝ። ከስሩ ሰው ቆሟል፣ ነጠላ ተዘቅዝቋል፣ ሀምዲያ ፊቷን በሻሿ ይዛ ታለቅሳለች። ዓይኔ ልዩን ፈለገ። አለች። ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

ልዩ ካለች፣ የቀረኸው አንተ ነህ።

ፋኑዬ፣ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ። እነሱ በስህተት እንደተሰበሰቡ በምን ልወቅ? ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ። ደረቴን ደቃሁ። ምን እያልኩ እንዳለቀስኩ እንኳን አላውቅም፤ ልዩ ናት በኋላ የነገረችኝ። «ልጄን» አላልኩም፣ ስምህንም አልጠራሁም። «አባቱን ሳያለቅስልኝ! አባቱን ሳያለቅስልኝ!» ነበር የምለው።

ልዩ ጭቃው ላይ ወርዳ አቅፋኝ «እማ፣ ማንም አልሞተም! ፋኑ ደህና ነው! የኔ ጣራ ነው እማ፣ በዝናብ ልፈትነው ብዬ ነው!» ትላለች፤ እኔ ጆሮ የለኝም። ሀምዲያ ውሃ ረጨችብኝ። ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ልዩን በጥፊ ልላት ነበር፤ እጄ ተነስቶ ፀጉሯን ዳበሰ። ከዚያማ ሳቅ ሆነ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ከሀምዲያ ሱቅ በመጣ ዳቦ ቁርሱን በልቶ፣ እየሳቀ ወጣ። ሀምዲያም እየሳቀችም እያለቀሰችም «እንኳን ለዚህ አበቃን፣ እንኳን በውሸት ሆነ» ትላለች። ልዩ ግን ያን ቀን አንዴም አልሳቀችም።

በማግስቱ ከቢሮ መጥታ ሲንጀሩ ፊት ተቀመጠች። የተረፈውን ገበር አወጣች። ልጥፉ ያለበትን፣ ለጣራ የሚሆነውን ነው። «ይሄ ደግሞ የማነው?» አልኳት። «የፋኑ» አለችኝ። ሃሞኩን በቁመትህ ልክ ለመቁረጥ የአባትህን ካፖርት ከቁም ሳጥን አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችው። «ፋኑ ሲለብሰው እዚህ ጋ ነበር የሚደርሰው» ብላ ከጉልበት በላይ በጣቷ ነካች። ያ ካፖርት ከቁም ሳጥኑ ከወጣ ስንት ጊዜው! እሷ ስትለካ እኔ ክር እሰካላት ነበር። መቀሷን ከማሳረፏ በፊት ሦስቴ ነው የምትለካው፤ እኔ አንዴ ለክቼ ነበር የምቆርጠው፣ ስንት ጨርቅ እንዳበላሸሁ አባትህ ነበር የሚያውቀው።

ፍልሰታ ሲፈታ «እማ፣ የፋኑን አልጋ አብረን እንፈትነው» አለችኝ። ምን አልኳት መሰለህ? «አብደሻል? በዚህ ዕድሜዬ ጫካ?» አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከሷ ቀድሜ ለብሼ በር ላይ ቆሜያለሁ።

በኤርሚ መኪና ወደ መናገሻ፣ ሱባ ደን ሄድን። የኔ ቦርሳ ብትመዝነው ስኳር ከተገዛበት ፌስታል አይከብድም፤ አልጋዬ፣ ጣራዬ፣ ብርድ ልብሴ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። አላመንኩም፣ ሁለቴ ፈትቼ አየሁ። ኤርሚ «ማዘር፣ በቃ ዘና ይበሉ፣ እኛ አለን» ይለኛል። ጓደኛ ጥሩ ነው።

እዚያ ስንደርስ ልዩን ብታያት! ቢሮዋ የሚያውቃት ልጅ አይደለችም። መጀመሪያ ዛፉን ሳይሆን ከዛፉ በላይ ነው ያየችው። «የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ እላያችን ላይ ሊወርድ ይችላል» ብላ ሁለት ቦታ ጥላ ሦስተኛውን መረጠች። ቀበቶውን ሁለት ጽድ ዛፎች ላይ ጠመጠመች፣ የአንተን ቋጠሮ ቋጠረች፣ ጣራውን ወጠረች። ሃሞኩ ላላ ብሎ ሲንጠለጠል አይቼ «አጥብቂው እንጂ» አልኳት። «ሲጠብቅ ትከሻሽን ጨብጦ ይይዝሻል እማ። ላላ ብሎ አንቺ ሰያፍ ስትተኚ ነው ወገብሽ የሚቃናው» አለችኝ። ገመዱ ላይ ደግሞ አንዲት አጭር ክር አንጠልጥላለች። ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ወደ አልጋው ሲመጣ በእሷ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ ነው! እንዲህ ያለውን ነገር የምታስብ ልጅ እቤቴ አድጋ እኔ አላውቃትም ነበር።

ሃሞኩ ውስጥ አገባቤን አትጠይቀኝ። በአንዱ ጎን ገብቼ በሌላው ጎን ወጣሁ። ኤርሚ ባይዘኝ ተሰብሬ ነበር። በሁለተኛው ግን ገባሁ፣ ሰያፍ ተኛሁ። ወዲያው ሰማዩ ተንጎዳጎደና የከሰዓቱ ዝናብ ለቀቀው። ቀና ስል ቀዩ ክር ከፊቴ ነው። ያንተን ጣራ ነበር የወጠረችልኝ።

ማልቀስ ይመጣብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንደ አባትህ ለቅሶ ጊዜ ዝናብ ነው፣ ጨርቁም ያው ነው፣ ክሩም ያው ነው። ታውቃለህ ምን ሆንኩ? እንቅልፍ ወሰደኝ። አልጋው ቀስ እያለ ይወዛወዛል፣ ከታች ላባው ያሞቀኛል፤ አንቀልባ ውስጥ የገባሁ ያህል ነው። ስነቃ ዝናቡ አባርቷል፣ ጉሬዛ ከላይ ሆና ቁልቁል ትመለከተኛለች፣ ልዩ በጣሳዋ ምድጃ ሻይ አፍልታ ከጎኔ ተቀምጣለች። እላዬን ዳሰስኩ። ደረቅ ነኝ። «እንዴት ነበር እማ?» አለችኝ። እጇን ይዤ ሳምኩት። ሌሊቱንም እዚያው አደርን፤ ጉልበቴ አንዴም አልቀሰቀሰኝም።

እንግዲህ መልሴ።

ሃድጉ እዚህ ተቀምጦ ሲጫወት ሳያውቅ አንድ ነገር አመለጠው። «ፋኑ እኮ የእረፍት ተራው ሲደርስ ልጆች ላሏቸው ሰዎች እየለቀቀ እሱ መርከቡ ላይ ይቀራል፤ እንዴት ያለ ደግ ልጅ መሰልዎት» አለኝ። አንተ ለኔ «እረፍት አልሰጡኝም» ነበር የምትለኝ። ሃድጉን እንዳትቆጣው። እኔም አንተን አልቆጣህም። የምትፈራውን አውቀዋለሁ። ሻንጣህን ይዘህ በሩን ስትገፋ፣ ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ፣ እንደ አዲስ እሪ ብሎ፣ «አባትህን! አባትህን!» እያለ እንዲቀበልህ ነው የምትፈራው። ወጉ ነው፤ ድሮ ቢሆን አይቀርልህም ነበር። አሁን ግን ልጄ፣ እሪ የሚልብህ ሰፈር የለም። ድንኳኑ የለም፣ እድሩ የለም። ያለነው እኔ፣ እህትህና ሀምዲያ ነን። ሀምዲያም ለቅሶዋን ሐምሌ ላይ ጨርሳዋለች።

ማልቀስ ካልፈለግክ አታልቅስ። ማንም አያስገድድህም። ዝም ብለህ ተኝተህ ዝናብ ስማ። «አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ» ብለኸኛል፤ ያልኩህ ይህንን ነው። ኮንትራቱን አታድስ። ና።

አሁን ከረጢቷን ፍታ። ሃሞኩ ውስጧ ነው፤ በአባትህ ካፖርት ተለክቶ የተቆረጠው። ቋጠሮውን ስታየው ታውቀዋለህ፣ የራስህ ነው። እዚያው መርከቡ ላይ አንድ ቦታ ፈልገህ ስቀለውና ተኛበት፤ ሰያፍ ተኛ፣ እህትህ እንዳለችው። ጣራውን ግን ከረጢቷን ገልብጠህ እንዳትፈልገው። አልላኩትም።

ቂርቆስን ከእናቱ ጋር ከፈላ ውሃ ያወጣ ገብርኤል፣ አንተንም ከዚያ ውሃ አውጥቶ ለእናትህ ይመልስህ። የረገጥከው ይቅናህ፣ የያዝከው ይባረክልህ፣ ክፉ አይንካብኝ።

ጣራህ ጽዱና የልብስ ማስጫው ብረት መሃል ተወጥሯል፤ ቀዩ ክር በራስጌህ በኩል ነው። ልዩ «ከጉዞ ስንመለስ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ» ብላ ነበር፤ አይነሳም ያልኳት እኔ ነኝ። ሀምዲያ በየጠዋቱ ሱቋን ስትከፍት ታየዋለች፤ አሁን አትደነግጥም። መንገደኛው ቆም ብሎ «እዚህ ቤት ማን ሞቶ ነው ድንኳን የተተከለው?» ሲላት፣ «ማንም አልሞተም፤ ለሚመጣ ሰው ነው» ትለዋለች።

እናትህ፣
ወለተማርያም